ልጆቼን ይዤ ወደ ተርኪ አደን ልሂድ ወይስ ልቅር? ጥያቄዬና የተሰጡኝ መልሶች

የመነሻ ጽሑፍ

የምንኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ በሸናንዶዋ ሸለቆ ከአባቱ የወረሰው እርሻና ጫካ ስላለው በየዓመቱ በጸደይ ልጆቹን ይዞ የዱር ተርኪ (ከዶሮ በጣም የሚበልጥ ትልቅ ወፍ) ያድናል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከነቤተሰቤ ጋብዞኛል። ጠመንጃ የሚይዘው እሱ ብቻ ሲሆን እኛ ከጎኑ ተቀምጠን እናያለን። ባለቤቴ ልጆቹ ጫካውን ማየታቸውን ትወዳለች፤ የ6 ዓመቱ ልጅ ፍጡር ሲገደል ማየቱን ግን ትፈራለች፣ እኔም ፍርሃቷን አላቃልለውም። ስለዚህ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለዚህ ዕድሜ ተገቢ መሆኑንና ሥጋውን በእምነታችን መብላት እንችል እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ ብዬ ጠየቅሁ።

መልሱ ከጠበቅሁት በላይ በዛ። ዘግይተው የሚመጡ ወላጆች ሁሉንም ለማንበብ እንዳይቸገሩ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ ቃል በተራ አስቀምጫለሁ፤ የተቆጡትንም አልተውሁም።

1ኛ መልስ። ከሚኒሶታ የጻፉ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። እሳቸው ራሳቸው አድነው ባያውቁም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ልጆቻቸውን ልከዋል። ልጆቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለሚቀሰቀሱ ማታ በጊዜ እንዲተኙ፣ ልብሳቸው በመዥገር መከላከያ እንዲረጭና ሲመለሱ ከብብታቸው እስከ ጆሮ ግንዳቸው እንዲፈተሹ መከሩ፤ በዚያ አካባቢ መዥገር ላይም የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ታስተላልፋለችና። ለመቆያ ቆሎ እንዳልይዝም አስጠነቀቁኝ፣ ከላስቲኩ ኮሽታ ሌላ ማኘኩ ራሱ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ሩቅ ይሰማል ብለው ዳቦ መረጡልኝ።

2ኛ መልስ። በዚሁ በቨርጂኒያ የሚኖርና ለዓመታት ያደነ ወንድም ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። የዱር ተርኪ ሌሊቱን በረጅም ዛፍ ላይ፣ እንደ ቤት ዶሮ ቆጥ ላይ፣ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ አውራው ከዚያው ሆኖ ይጮኻል፣ ከዚያም ወርዶ ሴቶቹን ይፈልጋል። አዳኙ ወፏ ሳትነቃ በጨለማ ገብቶ ይቀመጥና በእንጨት ሣጥን ወይም በአፍ በሚያዝ መጥሪያ የሴቷን ድምፅ እያሰማ አውራውን ይጠራዋል። ወፉ ማሽተት ላይ ደካማ ነው፤ በዓይኑ ግን የሚያህለው የለም፣ እኛ ንቁ ሰው ቆቅ ነው እንደምንለው ሁሉ ጣት ስትነቃነቅ ያያል። በመሆኑም ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ከጨርቅ በተሠራ መሸሸጊያ ድንኳን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። የተኩሱ ርቀት ከ40 ያርድ፣ ማለት ከ36 ሜትር ገደማ፣ ማለፍ የለበትም።

ስለ አደጋው ሲጽፍ ግን ቃሉን አጠበቀ። የአውራው ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለሆነ ከልጆቹ አንዱ እንኳ እነዚህን ቀለሞች፣ ካልሲም ቢሆን፣ እንዳይለብስ አዘዘ። የተርኪ ድምፅ ሰምቶ ወደ ድምፁ እያደቡ መሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ያ ድምፅ ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላልና። ሌላ ሰው ሲመጣ ከታየም እጅ ማውለብለብ ሳይሆን በሰው አንደበት ጮክ ብሎ መናገር ይገባል፤ የተገደለው ወፍ ደግሞ ከጫካ የሚወጣው በደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ይህን መልስ አትሜ ለባለቤቴ ሰጠኋት።

3ኛ መልስ። 2ኛው መላሽ በመጨረሻ ላይ ለልጆቹም ፈቃድ አውጣ ብሎኝ ስለነበር፣ ይህኛው በአክብሮት አረመው። በቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ፈቃድ ያለው አዋቂ በቅርብ እስከተቆጣጠረው ድረስ፣ ቢያድን እንኳ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የእኔ ልጆች ደግሞ ተመልካቾች ብቻ ናቸው። ለታዳጊዎችና ለአደን ጀማሪዎች ብቻ የተለየ የቅዳሜና እሑድ አደን በኤፕሪል መጀመሪያ እንዳለ፣ በዚያን ጊዜ አብሮ የሚሄደው አዋቂ መሣሪያ መያዝ እንደማይፈቀድለትም ጨመረ። ቀኑ ብዙውን ጊዜ በሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል የሚጾም ቤተሰብ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ዋናውን ወቅት ቢጠብቅ መልካም መሆኑን አስታወሰ። በዋናው ወቅትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው።

4ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። የጻፉት እናት ነርስ መሆናቸውን ገልጸው፣ በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው ጠመንጃ እንደሆነ፣ ከመኪና አደጋም እንደበለጠ ጻፉ። ስለ ወፏ ቀለም ይህን ያህል ሲወራ ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ውስጥ ጠመንጃው የት እንደሚቀመጥ እኔን ጨምሮ ማንም አለመጠየቁ አሳዘናቸው። ተቆልፎበታል ወይ፣ ጥይቱ ለብቻው ነው ወይ፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ይህን ሳልጠይቅ ልጅ ይዤ ብሄድ በደል እንደሆነ በግልጽ ነገሩኝ። ቃላቸው ቢያምም ልክ ነበሩ፤ በማግስቱ ባልደረባዬን ጠየቅሁት።

5ኛ መልስ። አንድ ሰው በነርሷ ላይ ተነሣ። እኛ ምንሽርና አልቤን ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየን፣ አባቶቻችን ሲወለውሉት እያቀበልን ያደግን ልጆች ነን፤ ዛሬ ጠመንጃ ሲነሣ መንቀጥቀጥ ፈረንጅ ከመሆን የመጣ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ባህሉን እኔም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያ ምሰሶ ስንት ቤት እንዳስለቀሰም የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም።

6ኛ መልስ። ነርሷ አጭር መለሱ። ከትውልድ ቀያቸው አንድ ቤት፣ ወንድም ወንድሙን ሳያውቅ በአባቱ ጠመንጃ የገደለበትን፣ ሰፈሩንም ስሙንም ሳይጠቅሱ አነሡ። ከዚህ በኋላ 5ኛው መላሽ በዚህ ጉዳይ አልተመለሰም።

7ኛ መልስ። በዕድሜ የገፉ፣ በጎጃም ያደጉ አባት የልጅነታቸውን አጫወቱን። ከብት ሲጠብቁ ከፈረስ ጭራ ወጥመድ ገምደው ቆቅና ጅግራ ይይዙ ነበር። አንድ ቀን የያዟትን ቆቅ በደስታ ለእናታቸው ሲያመጡ፣ እናታቸው የሆዷን ላባ ገለጥ አድርገው አዩና ከዕንቁላል ላይ የተነሣች መሆኗን ዐወቁ። ልጁን አልመቱትም፤ ወፏን በእጁ አስይዘው እስከተያዘችበት ድረስ አብረውት ሄዱና አስለቀቁት። እኚህ አባት ከዚህ ተነሥተው፣ በጸደይ የሚደረገው ይህ አደን ወፎቹ በሚፈለፍሉበት ወራት መሆኑ እንዴት ተፈቀደ ሲሉ ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው።

8ኛ መልስ። በዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት ላይ ያለች ወጣት ለአባታችን መለሰች። በጸደይ የሚፈቀደው ደረቱ ላይ ጢም የመሰለ ጠጉር የተንጠለጠለበትን ተርኪ ብቻ መግደል ነው፤ ይህም ማለት ከጥቂት ጢም ካላቸው ሴቶች በስተቀር አውራውን ብቻ ነው። አንድ አውራ ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ የተወሰኑ አውራዎች መቀነሳቸው መፈልፈሉን ያን ያህል አይጎዳውም፤ ሴቷ ከ10 እስከ 12 የሚደርስ ዕንቁላል መሬት ላይ ጥላ 28 ቀን ትታቀፋለች። አዳኙም በቀን ከአንድ በላይ አይፈቀድለትም።

ከዚያ ታሪኩን ነገረችን። ደኑ ተመንጥሮ፣ ሥጋውም ለገበያ እየታደነ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዱር ተርኪ ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ ነበር። በ1937 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከአደን ጠመንጃና ጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበውን የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ማገገሚያ አዋለው። በቤት ያደጉ ተርኪዎችን ጫካ መልቀቅ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ፤ የተሳካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ በመድፍ የሚወረወር መረብ የዱሮቹን እየያዙ ወደጠፉበት ማዛወሩ ነው። ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። አባታችን ይህን አንብበው ለልጅቷ ረጅም ምርቃት ጻፉላት።

9ኛ መልስ። ምርቃቱ ሳይደርቅ ሌላ ሰው መረር ብሎ ገባ። በግ ታርዶ ሲበላ አይቃወምም፤ የሚቃወመው በሴቷ ድምፅ፣ በፍቅር ጥሪ፣ አታሎ አምጥቶ መግደልን ነው። ማቀዝቀዣው በሥጋ በተሞላ አገር ይህን ለሕፃን ማሳየት ክህደትን ማስተማር ነው አለ። ማንም እንዳላፌዘበት ሳይ ደስ አለኝ፤ ሐሳቡ ከባድ ነውና።

10ኛ መልስ። ለዚህ የመለሱት ሴት የማቀዝቀዣው ተርኪ ከየት እንደመጣ አስታወሱ። ደረቱ ያለመጠን እንዲሰፋ የተዳቀለው የፋብሪካ ተርኪ አይበርም፣ በተፈጥሮ መንገድ እንኳ መራባት ስለማይችል በሰው እጅ ነው የሚዳቀለው። የዱሩ ግን እስከ ሞቱ ጠዋት ድረስ እንደ ፍጥረቱ ኖሯል። እኛ ልጆች ሳለን የፋሲካው በግ ሲታረድ እግሩን ይዘን ነበር፤ የዛሬዎቹ ልጆቻችን ሥጋ ከላስቲክ የሚወጣ ይመስላቸዋል። ሆኖም ልጅቱ በቃኝ፣ አይተኮስ ብትል ባልደረባዬ እንዲተው አስቀድሜ እንድስማማ ጠየቁ። ይህን ተቀብዬ ከባልደረባዬ ጋር ተስማማን።

11ኛ፣ 12ኛና 13ኛ መልስ። እነዚህን አንድ ላይ የማነሣቸው ሁሉም ስለ መብሉ በመሆናቸው ነው። ዲያቆን የሆነ ወንድም በኦሪት ዘሌዋውያን 17፥13 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን መታዘዙን ጠቅሶ፣ በስመ ሥላሴ ባርኬ ደሙን በደንብ እንዳፈስስ፣ የቀረውን ለንስሐ አባቴ እንድተው መከረኝ። አንዲት ሙስሊም እህት በእነሱ ዘንድ አዳኙ ሲተኩስ ቢስሚላህ ማለት እንዳለበት፣ ወፉ በሕይወት ከተገኘ ወዲያው እንደሚታረድ፣ ከጠመንጃው በሚበተነው የእርሳስ (ሊድ) ቅንጣት ተመትቶ ቢሞት ግን ዑለማዎች እንደሚለያዩበት አስረዳች። ከእስራኤል የጻፉ ሰው ደግሞ በአይሁድ ሕግ በጥይት የሞተ እንስሳ እንደማይበላ ገልጸው ወደ ስሙ ዞሩ፤ በዕብራይስጥ ተርኪ የሕንድ ዶሮ ይባላል። እህታችንም ዓረቦቹ የሩም (የሮማውያን አገር) አውራ ዶሮ እንደሚሉት ጨመረች። አሜሪካዊውን ወፍ ሁሉም ለሌላ አገር መስጠቱ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንንም ከጉዳዩ አወጣን።

14ኛ መልስ። ከጉዳዩ እንደወጣን አንድ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተርኪ የአሜሪካ አርማ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር አለ።

15ኛ መልስ። የታሪክ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ጠንከር ባለ ቃል አረሙት። ፍራንክሊን እንዲህ ያለ ሐሳብ ለምክር ቤት አላቀረበም፤ በጃንዋሪ 1784 ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ከንስር ይልቅ ተርኪ የተከበረ ወፍ መሆኑን ብቻ ነው የጻፈው።

16ኛ መልስ። ወደ ጉዳዩ የመለሰን የስደተኞችን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ነው። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ከክልከላው ይወጣል፤ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ጋባዥ ለፎቶ ያዘው ብሎ ቢሰጥ እንኳ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው እንዳይቀበል አጥብቆ አስጠነቀቀ። ይህ ምክር ለእኔ ባይሆንም ለአንባቢ ሁሉ ይጠቅማል።

17ኛ መልስ። ይህ የራሴ ነው፤ ከሄድን በኋላ የጻፍሁት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ማታ ደረስን። ባልደረባዬ ስለ ጠመንጃው በጠየቅሁት ጊዜ አልተቀየመም፤ የብረት ሣጥኑን፣ ለብቻው የተቆለፈውን ጥይት አሳየኝ፣ ልጆቹንም ጠመንጃ ባዩ ጊዜ እጃቸውን ኪስ እንዲከቱ አስተማራቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ድንኳን ውስጥ ነበርን። ጉጉት ስትጮኽ አውራው ከቆጡ ላይ መለሰላት፤ ወንዱ ልጄ ክንዴን ጨብጦ ትንፋሹን ዋጠ። ለዚህች ቅጽበት ብቻ እንኳ መሄዳችን አይቆጨኝም።

ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ገደማ አውራው መጣ። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት እያስነካ ሲንጎራደድ ከደረቱ የሚወጣው እምታ ይሰማን ነበር። ባልደረባዬ ወደ ልጄ ዞሮ አየ፤ እሷም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የሁለቱም ጆሮ መሸፈኑን አረጋግጦ ከ30 እርምጃ ገደማ ተኮሰ።

ከዚያ የሆነውን ማንም አልነገረኝም ነበር። ወፉ ወድቆ፣ ራሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ክንፎቹ ግን በኃይል መማታት ቀጠሉ፤ ለእኔ ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ልጄ መብረር ይፈልጋል፣ ልቀቁት እያለ ጮኸ። አቅፌው ከድንኳኑ ወጣሁ። ባለቤቴ ከቤቱ በረንዳ ስታየን ምንም አልጠየቀችኝም፤ ተቀበለችኝና አቀፈችው። ልጅቷ ግን ቀርታ ደሙን ስናፈስና በአፈር ስንሸፍን ቆማ አየች፣ ላባውንም አብራ ነጨች። ወፉ 9 ኪሎ መዘነ። ባልደረባዬ ለግዛቱ በስልኩ አስመዘገበ። እስከዛሬ 3 ሳምንት ሆኖታል፤ ልጁ አንድ የክንፍ ላባ ትራሱ ሥር አስቀምጧል፣ ዶሮም ተርኪም ግን አልበላም ብሏል፣ እኛም አላስገደድነውም።

18ኛ መልስ። 2ኛው መላሽ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ወፉ ከሞተ በኋላ ነርቩ ክንፉን እንደሚያማታው፣ ዶሮም ስትታረድ እንደዚያው መሆኗን፣ እሱ ስለለመደው መናገር እንደረሳ ጻፈ። ወደፊት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ሁሉ ይህን ከሌሊቱ በፊት ለልጁ በዝግታ ማስረዳት ከቀለሙም ከመዥገሩም እኩል የግድ መሆኑን ጨመረ። እኔም ወቀሳው የእሱ ብቻ አለመሆኑን መለስሁለት፤ ዶሮ ስትታረድ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ማሰብ ነበረብኝ።

19ኛ መልስ። ነርሷ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ቃላቸው ለስላሳ ነበር። ልጁ አልበላም ማለቱን እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ አንድ ሰው አሳብ እንድንቀበለው፣ እንቅልፉን ግን እንድንከታተል መከሩ። ለሚበሉት ደግሞ ሥጋውን በጣት እየዳሰስን ቅንጣቱን እንድናወጣ፣ ደም የቋጠረውን ቆርጠን እንድንጥል፣ እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ስለሆነም ባልደረባዬ በሚቀጥለው ጊዜ የብረት ወይም የተንግስተን ቅንጣት እንዲጠቀም እንድጠይቀው አሳሰቡ። ወጥ አድርገነው እንደሆነም ጠየቁ። ደረቱን ጥብስ፣ እግሩን ወጥ አድርገነዋል፤ የዱሩ እግር ጅማታም በመሆኑ ቁሌቱ ውስጥ ብዙ ሰዓት ቆይቶ እንኳ በጥርስ ይታገላል።

20ኛ መልስ። የጎጃሙ አባት የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ዳግመኛ ትሄዳለህ ወይ፣ ልጆቹስ? በቤት ውስጥ ተነጋግረንበት ነበርና መለስሁላቸው። ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች፤ ከባልደረባዬ የተሰጣትን የእንጨት ሣጥን መጥሪያ በየምሽቱ ትለማመዳለች። ወንዱ ልጅ ደግሞ የራሱን ሐሳብ አቀረበ። ማታ ወፎቹ ወደ ቆጣቸው ሲወጡ አብሮን ተቀምጦ ያዳምጣል፣ በየትኛው ዛፍ እንዳደሩም ለአዳኙ አይናገርም፤ ጠዋት እኛ ስንወጣ እሱ ከእናቱ ጋር ቤት ይቀራል። ባልደረባዬ በዚህ ተስማምቷል።